ከደብረ ብርሃን ሆኖ የሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ምርምር እንዴት ይጀመራል?

ማሽን እየሞከረና ሽልማት እያገኘ ራሱ የሚማርበት ዘዴ ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ይባላል። በዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ለመሆን ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በአሮጌ ላፕቶፕ ነው የጀመርኩት።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፕሮባቢሊቲንና ሊኒየር አልጀብራን ቀድማችሁ ያዙ።

ቀጥሎ የሪቻርድ ሰተንንና የአንድሪው ባርቶን መማሪያ መጽሐፍ አውርዱ። ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ ልምምዶቹን በወረቀት ሥሩ። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

ከዚያ ዝግጁ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ) ሳትነኩ ማሽኑ የሚለማመድበትን አንድ ትንሽ ዓለም ራሳችሁ ጻፉ። ጂምናዚየም የሚባለው ላይብረሪ ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ከገባችሁበት ውስጡ ምን እንደሚካሄድ አታዩም። የእኔ ዓለም 5 በ5 ሰሌዳ ነበር። አንዲት የመንዝ በግ ውሃ ትፈልጋለች።

ዋናው ጣጣ ሽልማቱን መወሰን ነው። ውሃው ጋ ስትደርስ ብቻ ስሸልማት ለመማር ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ስለዚህ ወደ ውሃው በቀረበች ቁጥር አንድ ነጥብ ሰጠኋት። ስትርቅ ግን ምንም አልቀነስኩም። የነጥቧ ግራፍ ሽቅብ ወጣ። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ላክሁለት፤ ሦስት ሳምንትም ስለዚያ ውጤት ስጽፍ ቆየሁ።

አንድ ማታ እንቅስቃሴዋን ስክሪን ላይ አወጣሁት። በጓ አንድ እርምጃ ትቀርባለች፣ አንድ ትርቃለች፣ ደግሞ ትቀርባለች። ውሃውን አትነካም። እኔ የከፈልኳት ለመቅረብ ነው፤ እሷም የተከፈለችበትን ሠራች። የጻፍኩት ሁሉ ተሰረዘ።

መፍትሔውን ተመራማሪዎቹ አንድሪው ንግ፣ ዳይሺ ሃራዳና ስቱዋርት ራስል እ.ኤ.አ. በ1999 አሳይተውታል። ሲቀርብ የሰጣችሁትን ሲርቅ መልሳችሁ ውሰዱ። ያኔ ወዲያ ወዲህ ማለት ትርፍ የለውም። ግራፍ ከማመናችሁ በፊት ደግሞ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ቢያንስ አሥር ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩት። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ።

ሰው የሚፈልገውን በነጥብ መጻፍ የማይቻልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ለሰዎች ሁለት ሁለት አጫጭር ቪዲዮ እያሳዩ የተሻለውን አስመረጡ። ማሽኑ ሽልማቱን ከምርጫቸው ተማረ። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሮቦት ወደ ኋላ መገልበጥን የለመደው በ900 ገደማ ምርጫ ነው። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ጥያቄ የሚመልሱ የቋንቋ ሞዴሎችም በዚህ መንገድ ይገራሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። መራጩ ማን ነው? አንድ ሞዴል የመንዝ አዛውንትን «አንተ» ብሎ ቢመልስላቸው መልሱ ልክ ቢሆንም ቅር ይላቸዋል። አማርኛ የማያውቅ መራጭ ይህን አያይም። ሁለት ሁለት መልስ አዘጋጁና አያቶቻችሁን አስመርጡ። ለምን እንደመረጡም ጠይቃችሁ መዝግቡ። ጥሩ የምርምር ጥያቄ ከዚያ ይወጣል።

ትልልቅ ሙከራዎችን በነፃው ጎግል ኮላብ፣ ማለትም በኢንተርኔት በጎግል ኮምፒውተር ላይ ኮድ በሚሠራበት አገልግሎት፣ ሥሩ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራችሁ ሊጠፋ ስለሚችል በየመሃሉ ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ የተሳካ ሙከራ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ሲመርጥ የሚነሳበትን ቁጥር (ሲድ) እየለወጣችሁ ቢያንስ አምስቴ ድገሙትና ሁሉንም ውጤት አሳዩ።

ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ለፕሮፌሰር ስትጽፉ አንድ ገጽ ይበቃል። ኮዳችሁን አያይዙ። የከሸፈውንም አትደብቁ። እኔ የበጓን ቪዲዮ ከነስህተቱ ላክሁ፤ መልስ የጻፉልኝ ፕሮፌሰር መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እሷ ነበር።