እሬትን በአንድ ክርን ብቻ ሞክሩት
ሶሪያሲስ የሚባለው፣ ቆዳን የሚያቀላና ቅርፊት የሚያወጣ ሕመም ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነው። እናቴ ከግቢያችን እሬት እየቆረጠች ትቀባኝ ነበር፤ ይሻለኝም ነበር። ግን የሻለኝ በእሬቱ ነው ወይስ ደረቁ ቆዳዬ ስለረጠበ? ይህን ቤት ቁጭ ብሎ መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ ጥናቶቹን እዩ። ሰው ሁሉ የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመውን ነው። 0.5 በመቶ የእሬት ክሬም ከተቀቡ 30 ሰዎች 25ቱ ዳኑ፤ እሬት የሌለበትን ከተቀቡት 30 ግን 2 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ጎኑ የእሬት ጄል፣ በሌላው እሬት የሌለበት ባዶ ጄል ለአንድ ወር ተቀባ። እሬት ከተቀቡት ቦታዎች 72.5 በመቶው፣ ባዶውን ከተቀቡት ደግሞ 82.5 በመቶው ተሻለ። ባዶው በለጠ! እኔን ያነቃኝ ይሄ ነው።

እናንተም እንደ ዴንማርኮቹ አድርጉ። ሁለቱም ክርናችሁ እኩል ከታመመ፣ ግራውን እሬት፣ ቀኙን ቫዝሊን ቀቡ። ከሐኪም የታዘዘ ቅባት ካለ ሁለቱም ላይ እኩል ይቀጥል።

ቅጠሉን ስትቆርጡ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት። ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ምርር የሚለው እሱ ነው፤ ቆዳንም የሚያሳክከው እሱ ነው። ከዚያ ልጡን ላጡና የጠራውን ዝልግልግ ብቻ ውሰዱ። ጤነኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። የተሰነጠቀና የሚደማ ቦታ ላይ በፍጹም አትቀቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተጠናው የተዘጋጀ ክሬምና ጄል ነው እንጂ ከጓሮ የተቆረጠ ቅጠል አይደለም። የአገራችን እሬትም ብዙ ዓይነት ነው፤ በጥናቶቹ የተሞከረው አሎ ቬራ የሚባለው ላይሆን ይችላል።

እኔ በየቅዳሜ ጠዋቱ እዚያው መስኮት ሥር ሁለቱንም ክርኔን ፎቶ አነሳ ነበር። ፎቶው ባይኖር ኖሮ ዓይኔ የፈለገውን ያይ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ከሁለቱም ቀንሷል። ግራው አልበለጠም። አሁን ገላዬን ታጥቤ ቆዳዬ ሳይደርቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ የሐኪሜን ቅባትም አልተውኩም።

እናንተም የታዘዘላችሁን አታቁሙ። በተለይ የሚዋጥ ስቴሮይድ (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) በድንገት ሲቆም ሕመሙ ክፉኛ ሊያገረሽ ይችላል። መገጣጠሚያችሁ ካበጠ ወይም ጠዋት ስትነሱ ጣታችሁ አልታጠፍ ካለ ደግሞ እሬቱንም ቫዝሊኑንም ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ሶሪያሲስ መገጣጠሚያም ይይዛል።