ወደ ሆርንሊ መጠለያ ሲወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

በስዊዘርላንዱ የማተርሆርን ተራራ ግርጌ፣ 3,260 ሜትር ላይ ያለው የሆርንሊ መጠለያ በ1880 ተሠርቶ በ2015 ታድሶ የተከፈተ ነው። እስከ በሩ ለመድረስ ገመድም መሪም ስለማያስፈልግ ብዙ ሰው ይንቀዋል።

ዋናው ጥፋት አርፍዶ መነሳት ነው። ከዘርማት ከተማ (1,608 ሜትር) በኬብል ካር ሽቫርትስዜ (2,583 ሜትር) ይደረሳል፤ የእግሩ መንገድ ከዚያ ይጀምራል። ሰው ግን ቁርሱን ሲያጣጥም፣ ጣቢያው አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲነሳ ቀትር ይሆናል። እስቲ አስሉት፦ መውጫው እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ላይ ዕረፍት 1 ሰዓት፣ መውረጃው እስከ 2 ሰዓት። ከቀኑ 6 ሰዓት የተነሳ ሰው የሚመለሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የመጨረሻው ኬብል ካር ያኔ ሄዷል ማለት ይቻላል። የቀረው 975 ሜትር ቁልቁለት በደከመ ጉልበት ነው። ቢጫው የመንገድ ምልክት ላይ ያለው ሰዓትም ዕረፍትን አይጨምርም፤ ሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር በሚራመድ ሰው የተሰላ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ነጎድጓድ ነው። በአውሮፓ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ከሰዓት በኋላ ደመናው ድንገት ይከመራል፣ መንገዱ ደግሞ ገደል ላይ በተተከለ የብረት መተላለፊያና በገላጣ ሸንተረር ያልፋል። መብረቅ ሲጀምር ብረት ጨብጦ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ከሽቫርትስዜ ተነሱ፤ የመጨረሻውን ጉዞ ሰዓት እዚያው ጣቢያው ላይ አረጋግጡ።

ሁለተኛው የእኛ ሰው ስህተት ነው፦ ከፍታውን በአገር ቤት መለካት። ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ሳንቃበርም እዚሁ ከፍታ ላይ ነው፤ ግን ማተርሆርን ከምድር ወገብ 46 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቆ ነው ያለው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ እንኳ ጥላ ያለበት ቦታ በረዶ ሊቆይ ይችላል፣ ጠዋት ደግሞ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። «አዲስ አበባ ነው ያደግሁት» የሚለውም አይሠራም። ጄኔቫ 375 ሜትር ላይ ዓመታት የኖረ ሰውነት ለከፍታ ያለውን ልምድ ይለቃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መውረድ ነው።

ዘርማት 20 ዲግሪ ከሆነ ላይ 10 አካባቢ ነው፤ ነፋሱ ሲጨመር ጓንት ያስፈልጋል። ስኒከር አይሆንም። ውሃ መንገድ ላይ አይገኝም፣ ሊትር ተኩል ከታች ያዙ።

ለማደር አልጋ አስቀድሞ ይያዛል፤ ከቀራችሁ ደውላችሁ ሰርዙ። አካባቢው ላይ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ቀጭን የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጫማችሁን መግቢያው ላይ አውልቁ። ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲነሱ ቤቱ ይንኳኳልና የጆሮ መድፈኛ አትርሱ።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ወፍራም ገመድ ይዞ «ትንሽ ልሞክር» ማለት ግን ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ የለም፤ የዓለት መውጣት ነው። በ1865 መጀመሪያ ጫፉን ከረገጡት ሰባት ሰዎች አራቱ የሞቱት ሲወርዱ ነው። የሚያስቸግራችሁም መውጣቱ ሳይሆን ወደ ኋላ መመለሱ ነው፤ እግር የሚያርፍበት ቦታ ከላይ ሆኖ አይታይም። ችግር ከመጣ ተራራው ባለበት የቫሌ ካንቶን (ክልል) 144 ይደወላል።