በክረምት ሐዋሳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ ከቤት ውጭ እንዴት ይነሳል?

ሐዋሳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ መነሳት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ዝናቡ እስኪያባራ፣ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃል። ለሰው ፊት ግን የክረምት ብርሃን ከበጋ ይሻላል። በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ ወደ አናት ትወጣለች፤ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ግንባርና አፍንጫ ያብለጨልጫል፣ ልጆች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። በክረምት ደመናው ያንን ኃይለኛ ብርሃን ሰማዩ ላይ በትኖ ያለሰልሰዋል። አቧራው በዝናብ ይታጠባል፣ ዛፍና ሣሩ ይለመልማል። ተማሪ ቤትም ተዘግቷል፣ ከሩቅ ያለውም ዘመድ ይመጣል፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ የሚገኙበት ወቅት ነው። የሚያስቸግሩት ዝናብ፣ ጭቃና ልብስ ናቸው፤ ሦስቱም መላ አላቸው።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሆነ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡30 ያለውን ሰዓት ያዙ። በሐምሌ ፀሐይ የምትወጣው 12፡15 ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ 12፡45 አካባቢ። የምሽቱን ወርቃማ ብርሃን የሚፈልግ 11፡45 ላይ ቦታው ላይ ተዘጋጅቶ ይቁም፤ እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚበቃ ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ቀን ብቻ አትቅጠሩ። ዋናውን ቀንና ተለዋጩን አብራችሁ ወስኑ፣ ፎቶ አንሺውንም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ከዘነበ ቀኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዛወራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክረምት ላይ ከፎቶ አንሺ ጋር የሚያጣላው ብዙውን ጊዜ ይህ ሳይነገር የቀረ ነገር ነው።

ቦታ መምረጥ

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ይህቺን ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ፦ ጠዋት ለሐይቁ ጀርባ ሰጥታችሁ ስትቆሙ ብርሃኑ ከከተማው በኩል መጥቶ ፊታችሁ ላይ ያርፋል። ማታ እዚያው ብትቆሙ ፀሐይዋ ከኋላ ትሆንና ፊት ይጨልማል፤ ለጥላ ምስል ያምራል፣ ለአያት ፎቶ ግን አይሆንም።

የፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መንገድ ጭቃ አያበዛም፣ ትልልቅ ዛፎችም አሉት፤ አረጋውያን ካሉ ከሁሉም እሱ ይመረጣል። ቅዳሜና እሁድ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል መናፈሻ ውስጥ ጉሬዛውና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ለልጆች ደስታ ነው፣ ጠዋት ግን የዓሣ ገበያው ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ ሽታውንና ግርግሩን የማይወድ ወደ ዛፎቹ ዘለቅ ይበል። አባ ኮዳ ቆሞ ከትንሽ ልጅ ይበልጣል፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲያይም አይፈራም። ስለዚህ ልጁን አጠገቡ ከማቆም ወፉን ከኋላ በርቀት ማስገባት ይሻላል። ጦጣ ባለበት ብስኩትና ሙዝ በእጅ አይያዝ። የመግቢያና የካሜራ ክፍያ እንዳለ በር ላይ ቀድማችሁ ጠይቁ። ታቦር ተራራ ከላይ ሐይቁንና ከተማውን አንድ ላይ ያሳያል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ያንሸራትታል፣ ለወጣቶች ይሁን።

ሐይቁ ዳር ቄጠማው ውስጥ ልጆች እግራቸውን እንዳይነክሩ። ውሃው ቢልሃርዝያ ያስይዛል፣ ሐይቁ ውስጥ ጉማሬም አለ። ለማታ ቀጠሮ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ።

ብርሃኑን ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ደመና ነው፣ የትም ብንቆም አንድ ነው» ይባላል። አይደለም። የደመና ብርሃን ለስላሳ ቢሆንም የሚመጣው ከላይ ነው፤ ሜዳ መሃል የቆመ ሰው ከዓይኑ ሥር ጥቁር ይይዛል፣ በተለይ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ ሰው እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። መላው የላዩን ብርሃን መከልከል ነው። ቅርንጫፉ የተንሰራፋ ዋርካ ፈልጉ፣ ሰዎቹን ከጥላው ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ፊታቸውን ግን ወደ ገላጣው አዙሩ። ቅጠሉ የላዩን ብርሃን ይጋርዳል፣ ከፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሰማይ ደግሞ ዓይንን ያበራል። በዚህ ጊዜ ብሌኑ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ እሷ ከሌለች ቦታው ገና አልተገኘም።

ለመፈተን ቡጢያችሁን ዓይናችሁ ትይዩ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በጣቶቹ መሃል ያለው ጥላ የሚሳሳበት አቅጣጫ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ ሰዎቹ ፊታቸውን ማዞር ያለባቸው ወደዚያ ነው።

ሣሩም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥብ ለምለም ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው አገጩና አንገቱ አረንጓዴ ይመታል። ከፊት የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርጋ ካደረጉት ነጩ ጨርቅ ብርሃን ወደ ላይ ይመልስና አረንጓዴውን ያጠፋል፣ የዓይን ሥሩንም ያለሰልሳል። ሰው በገንዘብ የሚገዛውን የብርሃን መመለሻ ሥራ ነጠላ በነፃ ይሠራል።

ግራጫ ሰማይ በፎቶው ውስጥ ብዙ ቦታ እንዳይወስድ። ካሜራው እሱን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል፣ ፊቱ ሲስተካከል ደግሞ ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ከኋላ ዛፍ ይሁን፤ ሐይቁ የግድ ካስፈለገ ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች አንሱ።

ልብስ

የሐበሻ ልብስ ከአረንጓዴ ጋር እጅግ ያምራል፣ ግን ነጩ ብዙ ሲሆን ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልማል፣ የሚጎዳውም የሰው ፊት ነው። በካሜራ የ+/- ምልክት ባለበት ማስተካከያ ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ከፍ አድርጉ፤ በስልክ ፊቱ ላይ ተጭናችሁ ቆዩና ምልክቱን ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። ጥለቱ ግን ነጩ ውስጥ ጠፍቶ እንዳይቀር አጉልታችሁ እዩት። ስስ ሸማ ሲርስ ገላ ስለሚያሳይ ከሥር ነጭ የውስጥ ልብስ ይኑር። ጫፉ ጭቃ እንዳይነካ በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ ያዙት፣ ቦታችሁን ይዛችሁ ስትቆሙ ፍቱት። ጫማ በፌስታል ይዛችሁ በቦት ወይም በሸበጥ ሄዳችሁ እዚያው ቀይሩ። ሌላ ልብስ ለሚለብሱ የጡብ ቀይ፣ ቡናና ሰናፍጭ ቀለም ከለምለሙ ላይ ይወጣል፤ አረንጓዴ ቲሸርት ቅጠሉ ውስጥ ይሰወራል።

የዝናብ ጥላ የምትይዙ ከሆነ ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ቀይ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ ቀይ፣ ሰማያዊ ሥር የቆመ ደግሞ የታመመ ይመስላል።

ማሰለፍና ማንሳት

1. መጀመሪያ ሙሉውን ቤተሰብ አንሱ፣ ሕፃኑ ሳይነጫነጭ፣ አያቶችም ሳይደክሙ። ከዚያ አያቶች ከልጅ ልጆች ጋር፣ ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ መጨረሻ ላይ ልጆች ይሩጡ። 40 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

2. ታላላቆችን መሃል ወንበር ላይ አስቀምጡ። የፕላስቲክ ወንበር እግር እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰምጥና አንደኛው ሰው ዘንበል ይላል፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። የኋላው ረድፍ ከፊተኛው ጋር ይጠጋ፣ ትከሻ ለትከሻ ሳይሆን ገደድ ብሎ ይቁም።

3. በካሜራ ለሁለት ረድፍ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 5.6 ወይም 8፣ ፍጥነቱ 1/200 ሰከንድ፣ ልጆች ከሮጡ 1/500፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) ከ400 እስከ 1600። ኤፍ 1.8 ላይ የምታነሱ ከሆነ የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ አጎቶች ሁሉ ይደበዝዛሉ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ደመና ምልክቱ ላይ አድርጉት፤ ቆዳ ከሰማያዊነት ይድናል።

4. በስልክ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ቅባትና የካፊያ ጠብታ ፎቶውን ጭጋግ ያስመስሉታል። ሰፊውን 0.5 ሌንስ አትጠቀሙ፣ ዳር የቆሙትን ያወፍራል። ማቅረቢያውን 2 ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። አንሺውም መግባት ካለበት ስልኩን ቁመቱን በደረት ልክ አስደግፋችሁ የ10 ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ።

5. ለአሥር ሰው ቢያንስ አሥር ፎቶ ተከታትላችሁ አንሱ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይጨፍናል። «ሁላችሁም ጨፍኑ፣ ሦስት ስል ግለጡ» ማለት ከ«ፈገግ በሉ» የበለጠ ይሠራል።

ዝናቡ ሲመጣ

ካፊያ አያስቸግርም፤ ከኋላ ጥቁር ግንድ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ካለ ጠብታው ራሱ ፎቶ ላይ ይታያል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ከዛፍ ሥርም ከሐይቅ ዳርም ወዲያው ተነስታችሁ መኪና ወይም ቤት ግቡ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ለጥላ ብላችሁ የመረጣችሁት ዋርካ በዚያ ሰዓት አደገኛ ነው።

ካሜራው ከቀዘቀዘ መኪና ወደ እርጥበታማው አየር ሲወጣ ሌንሱ ጭጋግ ይይዛል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆዩት፣ በእጅ አትጥረጉት። ውሃ ከገባበት አጥፉት፣ ባትሪና ካርዱን አውጡ፣ ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት፤ ሩዝ ውስጥ መቅበሩ አቧራና ስታርች ከመጨመር በቀር አይረዳም።

ፎቶውን ስትቀበሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ለማሳተም ጥራቱ ይጎድላል። 20 በ30 ሳንቲሜትር ለማሳተም 2400 በ3600 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ክረምት የተነሳ ፎቶ ወረቀት ላይ ከስልክ ስክሪን ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ አረንጓዴውም ይከብዳል፤ ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ 10 በ15 አሳትማችሁ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ ቆማችሁ እዩት።