የድሮ ሞተር የፊት ፍሬን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የፊት ፍሬን ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው በቀጥታ የፍሬን ሸራ ፍለጋ ይሮጣል። ኧረ ቆይ! ብር ከማውጣትህ በፊት እጀታውን ጨብጠው። ብልሽቱ የት እንዳለ የሚነግርህ እሱ ነው። እዚህ የማወራው የፊት ዲስክ ስላላቸው የድሮ ሞተሮች ነው፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1969ኙ ሲቢ 750 ጀምሮ ስለመጡትና ካሊፐራቸው (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) አንድ ፒስተን ብቻ ስላለው ሆንዳዎች። የታምቡር ፍሬን ሌላ ጨዋታ ነው።

እጀታው ይለሰልሳል፣ እስከ መሪው ይገባል

ደጋግመህ ስትጨብጠው እየጠነከረ ከመጣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። አየሩን ማስወጣት ነው (አሠራሩ መጨረሻ ላይ አለ)፣ አለቀ። ጨብጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚሄድ ከሆነና የትም የሚንጠባጠብ የፍሬን ዘይት ከሌለ ግን የማስተሩ (እጀታው ሥር ሆኖ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቋል፤ ዘይቱ በጎሚኒው አልፎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ዘይት ብትጨምርበት ምንም አይፈይድም። ጎሚኒውን ቀይር። ከመግጠምህ በፊት የማስተሩን ውስጥ በባትሪ እየው፤ የዝገት ጉድጓድ ወይም ጥልቅ ጭረት ካለው አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል፣ ስለዚህ ማስተሩ ራሱ ይቀየራል።

ዘይቱን ከማስተሩ ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰውን ቱቦም ጠርጥር። ሰው እጀታውን ይጨብጥልህና ቱቦውን በእጅህ ያዝ። ሲነፋ ከተሰማህ ዕድሜው አልፏል።

ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም

ይሄኛው ነው ራስ ምታቱ። ሞተሩን ስትገፋው ይከብዳል፣ ትንሽ ስትነዳው ዲስኩ ይግላል፣ በጋለ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ጢስ አባይ ደርሰህ ስትመለስ የተቃጠለ ሽታ ከፊት ጎማ ከመጣ አትለፈው።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና፣ ፍሬኑ እንደያዘ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ አላላት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ታስሮ ነበር ማለት ነው፤ ችግሩ ወይ ማስተሩ ወይ ቱቦው ጋ ነው። ምንም ካልተለወጠ የያዘው ካሊፐሩ ነው። ማስተርና ቱቦን ለመለየት በሚቀጥለው ጊዜ ሲይዝ ቱቦውን ማስተሩ ጋ አላላው። ጎማው እዚያ ከተለቀቀ ማስተሩ፣ ካልተለቀቀ ከውስጥ አብጦ የተዘጋው ቱቦ።

ማስተሩ ከሆነ የዘይቱን ክዳን ክፈት። ከታች ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ጎላ ያለ፣ ሌላው ለማየት እንኳ የሚያስቸግር። እጀታውን በቀስታ፣ ትንሽ ብቻ ጨብጥ። ከትንሿ ቀዳዳ ዘይቱ ብቅ ብሎ ላዩ መንቀሳቀስ አለበት። ጸጥ ካለ ተደፍናለች። ሲግል የሚሰፋው ዘይት የሚመለሰው በእሷ ስለሆነ፣ እሷ ስትደፈን ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይጨብጣል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘህ ክፈታት። ሚስማርና ትሬፓን እንዳታስብ፣ ታሰፋታለህ።

ካሊፐሩ ከሆነ መፍታት ነው። ግን ቱቦውን ቶሎ አትንቀለው፤ ካሊፐሩን ከዲስኩ አውጥተህ እጀታውን እየደጋገምክ ጨብጥ፣ ፒስተኑን ዘይቱ ራሱ ገፍቶ ያወጣልሃል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስወጣት የተለመደ ነው፣ እኔ አልወደውም፤ ፒስተኑ ሲፈናጠር ጣት ይሰብራል።

አሁን የካሊፐሩን ጎሚኒ አውጣና የተቀመጠበትን ቦይ እየው። ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቅርፊት ታገኛለህ። የአሉሚኒየሙ ዝገት ነው። ጎሚኒውን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል። ብዙ ሰው ጎሚኒ ቀይሮ ይህን ሳያጸዳ ይገጥምና በወሩ ያው ችግር ይመለሳል። በሹል እንጨት ወይም በናስ ፈቅፍቀው፣ ብረት ቦዩን ይቧጭረዋል። ፒስተኑ ከተቦረቦረ ቶርኖ ቤት ከማይዝግ ብረት በልኩ ያወጡልሃል። ጎሚኒው ግን አራት ማዕዘን የሆነው ይሁን። ፒስተኑን ስቦ የሚመልሰው ያ ቅርጽ ስለሆነ «ይሄም ይሆናል» ብለው ድቡልቡል ኦሪንግ ቢሰጡህ እሺ አትበል።

እጥበቱ ላይ ተጠንቀቅ። ቤንዚን፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጡታል። ከፋርማሲ ከሚሸጠው አልኮል ውሃው በጣም ትንሽ የሆነው ይበቃል። አረቄ አይሆንም፣ ብዙ ውሃ አለው፣ ደግሞ ያሳዝናል። ሲገጠም ጎሚኒውን በራሱ በፍሬን ዘይት አርጥበው።

በነዚህ ሆንዳዎች ካሊፐሩን የያዘው ክንድ የሚዞርበት ፒንም አለ። አቧራና የክረምት ጭቃ ሲገባበት ይደርቃል፣ ያኔ አንዱ ሸራ ብቻ እያለቀ ይሄዳል። አጽድተህ ግሪስ ቀባው።

እጀታው ድንጋይ ነው፣ ሞተሩ ግን አይቆምም

እዚህ ላይ ሸራው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ካንጸባረቀ በሸካራ ወረቀት እሸው። ዘይት ከጠጣ ቀይረው፣ ግን መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደመጣ እወቅ፤ የፊት ሹካው ጎሚኒ እያፈሰሰ ከሆነ አዲሱም ሸራ ይበላሻል። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን አትንፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ሲይዝ እጀታው ይርገበገባል

ዲስኩ ተጣሟል ወይም ውፍረቱ እኩል አይደለም። ውፍረቱን በካሊበር (በመለኪያው) ለካው።

ዘይቱና አየሩ

ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። እንደኛ ጣና ሐይቅ ዳር ላለ ሰው፣ በተለይ በክረምት፣ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይገዛም። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። የቤንዚን ታንኩን በጨርቅ ሸፍነው፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

የአየር ማስወጫዋ ላይ ነጭ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተት። ጨብጥ፣ ክፈት፣ ዝጋ፣ ልቀቅ። አረፋው እስኪጠፋ ቀጥል፣ ማስተሩ እንዳይደርቅ እየጨመርክ። አልጠነክርም ካለ እጀታውን በውስጥ ጎማ ቁራጭ ከመሪው ጋር አስረህ አሳድረው፣ በማግስቱ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ሙከራው ጠዋት ነው፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ። እጀታው ጠንክሮ፣ ጎማውም ሲለቀቅ በነጻ ከዞረ፣ ያኔ የቤዛዊትን ኮረብታ ወጥተህ ቁልቁለቱን ሞክረው።