ሙቀቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፦ ቼዝ የሚወዳደር አማተር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ቼዝ ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው ሰበብ አያጣም። ሙቀቱ አለ። መብራት ሄዶ ማራገቢያው ቆሟል፤ መብራት ካለ ደግሞ ማራገቢያው የምትመዘግብበትን ወረቀት እያነሳ ያስቸግርሃል። ሰዓቱም ከምሳ በኋላ ነው። የከተማው ግማሽ ሽርጡን አገልድሞ በርጫ ላይ ጋደም ብሏል፣ አንተ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ላብህን በክንድህ ትጠርጋለህ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንፈቴን ሁሉ በሙቀቱ ሳሳብብ ኖርኩ።

ከዛ አንድ ቅዳሜ ለመጫወት ሐረር ወጣን። ደንገጎ ላይ አየሩ ተለወጠ፤ የሚኒባሱን መስኮት የዘጋሁት እኔው ነኝ። ሐረር ስንገባ ጃኬት አማረኝ። እዛ፣ በዛ ምን በመሰለ አየር፣ ልክ ድሬ ላይ እንደምሸነፈው ተሸነፍኩ። ያው ስህተት ነው። ስንመለስ ደብተር ገዛሁ።

ይሄን የምጽፈው ከዛ ደብተር ነው። ጎበዝ ተጫዋች አይደለሁም። እንጀራዬ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው፣ ቼዝ የቅዳሜና እሁድ ጉዳይ ነው። ግን ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ አንድ ነገር ገረመኝ፦ ቦርዱ ላይ የምሠራቸውን ስህተቶች ሱቅ ውስጥም እሠራቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ ሱቅ ውስጥ "ገበያው ነው"፣ "ዶላሩ ነው" ማለት ይቻላል። ቼዝ ላይ ዳይስ የለም፣ ካርታ አልተበወዘም፣ ሁለታችሁም 16 16 ይዛችሁ ነው የጀመራችሁት። ነጭ ቀድሞ ይጀምራል፣ እሺ። እኔ ግን በነጭም እሸነፋለሁ።

እጅን ከጭንቅላት ማስቀደም

ሰፈር ስንጫወት "አቦ መልሰው፣ አላየሁትም" ይባላል፣ ይመለሳል። የድሬ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር አይጨቃጨቅም። ውድድር ላይ ግን የነካኸውን ትጫወታለህ። የራስህን ከነካህ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ የተጋጣሚህን ከነካህና መብላት የሚቻል ከሆነ ትበላዋለህ። ጠመም ያለውን ማስተካከል ከፈለግክ አስቀድመህ ትናገራለህ፣ ያውም በራስህ ተራ።

የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ካስል ላደርግ (ንጉሥንና ጥግ ላይ የሚቆመውን ሩክ በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ ነው) ብዬ ሩኩን አነሳሁ፣ ንጉሡን በሌላኛው እጄ አስከተልኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ረጋ ብለው ሰዓቱን አቆሙና ዳኛ ጠሩ። ለካ ካስል የንጉሥ እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ የሚነካው ንጉሡ ነው፣ በአንድ እጅ። ሩኩን ቀድመህ ከነካህ በዛ ተራ በዛ በኩል ካስል የለም፣ የምታንቀሳቅሰው ሩኩን ነው። "ልጄ፣ አትቀየመኝ፣ ሕግ ነው" አሉኝ። ንጉሤ መሀል ሜዳ ቀረ። ከዛ በኋላ ያለውን ባልተርከው ይሻላል።

አሁን ሳስብ ሁለቱንም እጆቼን ከታፋዬ ስር አድርጌ እቀመጥባቸዋለሁ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ሱቅ ውስጥም ደንበኛ "መጨረሻው ስንት ነው?" ሲለኝ አፌ ቀድሞ ዋጋ ይጠራ ነበር። አንዴ ከተጠራ ደግሞ ወደ ላይ መመለስ የለም፣ ቀፊራ ገበያ ውሎ ያደገ ሰው ይሄን ያውቃል። አሁን መጀመሪያ ዕቃውን አንስቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። አምስት ሰከንድ ናት፣ ትበቃኛለች።

የራስን ዕቅድ ብቻ ማየት

ተጋጣሚህ አንድ ነገር ተጫወተ። "ለምን?" ሳትል የጀመርከውን ትቀጥላለህ። ይሄ የጀማሪ በሽታ ብቻ እንዳይመስልህ። ቭላድሚር ክራምኒክ በፈረንጆቹ 2006፣ ያውም የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ ጀርመን ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ የሚመጣ ቼክሜት፣ ማለትም ንጉሡ ተይዞ ማምለጫ የሚያጣበትን ማት፣ አላየም። ጨዋታው እኮ አልከፋበትም ነበር። የራሱን ሐሳብ ተከትሎ ንግሥቱን ወደ ሌላ ቤት አንቀሳቀሳት፣ ኮምፒውተሩ የራሱን ንግሥት ከክራምኒክ ንጉሥ አጠገብ አስቀመጠ፣ አለቀ።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። ተጋጣሚ በተጫወተ ቁጥር "አሁን ደግሞ ተራ ቢሰጠው ምን ያደርገኛል?" ብሎ መጠየቅ። ቼክ አለው፣ ንጉሤን የሚያጠቃበት? የሚበላው አለ? በቃ፣ በየእርምጃው ይሄን ነው። በነገራችን ላይ፣ በድሮው የእኛ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። እንግዲህ ዓይንህ የሰውየው እጅ ላይ ካልሆነ ጠፋህ ማለት ነው። ያ ልምድ ለእኔ ቢተርፈኝ ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ጎማ በብዛት ባስገባሁበት ወር ከፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ከአይሱዙ ላይ ምን እያራገፈ እንደነበር ቀና ብዬ አላየሁም። ጎማ ነበር።

አሸነፍኩ ብሎ መዝናናት

ይሄኛው ደብተሬ ላይ ሁለት ገጽ ይዟል።

ተጋጣሚዬ ልጅ ነበር። አሥር ዓመት ቢሞላው ነው፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወለሉን የሚነካው በእግሩ ጣት ነው። ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለው፣ በየእርምጃው አንድ ጊዜ ይጎነጫል። ንግሥቱን በጊዜ በላሁበት። ከዛ ሩኩን። እየቆየ ሁሉም ነገር አለቀበትና ንጉሡ ብቻውን ቀረ። እኔ ንግሥትና ሁለት ወታደር አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዛ በኋላ ጨዋታው ውስጥ አልነበርኩም። ቀጥሎ ከማን ጋር እንደምጫወት አስባለሁ፣ የጎረቤት ጠረጴዛ እያየሁ "ይሄ ሰውዬ ፈረሱን ሊያስበላ ነው" እላለሁ፣ ልጁም ትንሽ አሳዝኖኛል።

ንጉሡ ጥግ ገባ። ንግሥቴን አምጥቼ ከንጉሡ የፈረስ ዝላይ (ሁለት ቤት ቀጥ ብሎ አንድ ወደ ጎን) በምታህል ቦታ ላይ ቁጭ አደረግኳት። ቆንጆ እርምጃ መስሎኝ ነበር። ልጁ ቦርዱን አየ። እኔን አየ። አንዴ ውሃውን ተጎነጨ፣ ከዛ እጁን አወጣ።

ዳኛው ሲመጣ ነው የገባኝ። ንጉሡ ቼክ አልተባለም፣ ግን የሚረግጠው ቤት የለውም፤ ሌላ የሚያንቀሳቅሰውም የለም። ስቴልሜት። አቻ። ንግሥትና ሁለት ወታደር ይዤ፣ ባዶውን ከቀረ ልጅ ጋር ግማሽ ግማሽ ነጥብ ተካፈልን። ወላሂ፣ መሸነፍ ይሻል ነበር።

ቴክኒኩን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በየውድድሩ ይደጋገማል። ተጋጣሚህ ንጉሡ ብቻ ሲቀር የራስህን ንግሥት ማድነቅ ተውና የእሱን ባዶ ቤቶች ቁጠር። ቼክ ካላልከው ቢያንስ አንድ የሚሄድበት ቤት ሊኖረው ይገባል። ጥግ ከገባ ንግሥትህን ከእሱ የፈረስ ዝላይ ርቀት ላይ አታስቀምጣት። የራስህን ንጉሥ አምጣ፤ ያለ እሱ እርዳታ ብቻዋን የቀረች ንግሥት ማት አታደርግም። የሕይወት ትምህርቱን ራስህ ፈልገው፣ እኔ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ለመገላገል መቸኮል

ጭንቀት ሲበዛ ሰው መለዋወጥ ያምረዋል። ሩክ በሩክ፣ ፈረስ በፈረስ፣ ቦርዱ ጸዳ ይበል፣ ጭንቅላቴ ይረፍ። በፈረንጆቹ 2024 ሲንጋፖር ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮናው 14ኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ ዲንግ ሊረን አንድ ወታደር ቢጎድለውም አቻ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነበር። ከብዙ ሰዓት ትግል በኋላ ሩኩን ለመለዋወጥ አቀረበ። ችግሩ ሩኩ ሲሄድ በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፑም ተከትሎ መሄዱ የማይቀር መሆኑ ነው፤ የሚቀረው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ ደግሞ ያበቃለት ነው። ተጋጣሚው፣ ሕንዳዊው ጉኬሽ፣ አየው። በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እኔም በአቅሜ ይሄን ሠርቻለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ተሻርከን ባጃጅ ገዝተን ነበር። በየማታው የሒሳብ ጭቅጭቅ ነው። አንድ ቀን "በቃ ድርሻዬን ውሰድና ልተኛበት" ብዬ በወረደ ዋጋ ለቀቅኩለት። አንድ ወር ሳይሞላ የቆጨኝ ቁጭት! ጭቅጭቁ አንድ ተራ ደብተርና አንድ ምስክር የሚፈታው ነበር። አሁንም እየነዳት በሱቄ ደጃፍ ያልፋል፣ ጥሩምባ ይነፋልኛል። መለዋወጫ ግን ከእኔ ነው የሚገዛው።

ስትለዋወጥ የሚሄደውን አትይ። ከቦርዱ ላይ ሁለቱንም በሐሳብህ አንሳቸውና የሚቀረውን ተመልከት።

ትናንሾቹ

ስልክህን ይዘህ አትግባ። ጠፍቶም ቢሆን አዳራሽ ውስጥ ኪስህ ከተገኘ ጨዋታውን ሊያስነጥቅህ ይችላል፣ "ሚስቴ ትደውላለች" የሚባል ነገር የለም። ማርፈድም አያዋጣም፤ ነጭ ከሆንክ ሰዓቱ አንተ ገና ከሳቢያን ባጃጅ እየፈለግክ ያንተን ደቂቃ ይበላል። የመክፈቻ እርምጃ ከዩቲዩብ 15 ድረስ ሸምድዶ መምጣትም እንዲሁ ነው፦ ተጋጣሚህ ቪዲዮውን አላየውምና አራተኛው ላይ ሌላ ነገር ይጫወታል።

ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋች ደረጃ የሚለካበትን ነጥብ፣ ማሳደድን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ብናውቅ ያን ያህል አንታመምበትም። አርፓድ ኤሎ የሚባል የፊዚክስ መምህር ያወጣው ስሌት ነው፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ነው የተቀበለው። የሚናገረው ስለ ግምት ብቻ ነው። አንድ ሰው በ200 ነጥብ ቢበልጥህ ከአራት ጨዋታ ሦስት ነጥብ ያህል ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ አንዱ ያንተ ነው ማለት ነው፣ ለዛ አንዱ ተዘጋጅ። እኔ ቁጥር አይቼ ገና ሳልቀመጥ የተሸነፍኩባቸው ቀናት አሉ።

ቶሎ እጅ መስጠት

ባቡሩ ደርሶ ድሬዳዋ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1902፣ ሞንቴ ካርሎ ላይ ጌኦርግ ማርኮ የሚባል ማስተር ከፎን ፖፒኤል ጋር ተጋጠመ። ቢሾፑ ታሰረበት፣ ማዳኛ የለውም ብሎ አሰበና እጅ ሰጠ። ያ ቢሾፕ ግን ከነጩ ንጉሥ አጠገብ ዘሎ የሚገባበት አንድ ቤት ነበረው። እዛ ቢገባ በአንድ በኩል ማት ያስፈራራል፣ በሌላ በኩል የነጭ ንግሥት ትበላለች። ያሸነፈውን ጨዋታ ነው ትቶ የተነሳው።

የእኔ ደብተር ላይ አራት ጊዜ እጅ የሰጠሁበት አለ። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳየው ሁለቱ ላይ እኩል ነበርን። ለዚህ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ ተጋጣሚዬ እንዴት እንደሚያሸንፈኝ እርምጃ በእርምጃ መናገር ካልቻልኩ እጅ አልሰጥም። "ደብሮኛል" ምክንያት አይደለም። ኪራይ በጨመሩብኝ ጊዜ ሱቁን ልዘጋ ቁልፉን ይዤ ወጥቼ ነበር፣ ይቺን ደንብ አስታውሼ ነው አከራዩን "ቆይ፣ ሒሳቡን አብረን እንየው" ያልኩት። ሱቁ ይኸው አለ።

ጨዋታው እንዳለቀ ብድግ ብሎ መሄድ

ስንሸነፍ ከዛ ሰው ፊት መሰወር ነው የምንፈልገው። ስህተቱን የሚያውቀው ግን ያ ሰው ነው፤ ሲጠብቅህ የነበረው እሱ ነው።

ከልጁ ጋር አቻ የወጣሁ ቀን ተናድጄ ወጥቼ ከዚራ ዛፎቹ ስር ያለች ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ጠርሙሱን ይዞ መጣ፣ ቦርዱ በብብቱ ነው። ሰምቡሳ አዘዝኩለት። ሳልጠይቀው ቦርዱን ዘረጋና ያቺን ቦታ ደረደራት፣ አንድም መጫወቻ አላዛነፈም። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ንጉሥህን አንድ ብታስጠጋው አልቆልኝ ነበር" አለኝ፣ ጣቱ ዘይት ነክቶታል። እውነቱን ነው።

"አንተስ፣ ንግሥትህን ከበላሁብህ በኋላ እጅ ያልሰጠኸው ይሄ እንደሚመጣ አውቀህ ነው?" አልኩት።

"ኧረ አቦ። ወንድሜ በባጃጅ ሊወስደኝ እስኪመጣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው።"