ካቢኔቱ ሲያብጥ፣ ሶኬቱ ሲግል፦ የባሕር ዳር ማድ ቤት ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ኪችኑን የሚያሠራው ባብዛኛው ከስልኩ ፎቶ እያሳየ ነው። ፎቶው ያምራል። ግን ፎቶው ላይ ያለው ማድ ቤት እንጀራ አይጋገርበትም፣ ዓሣ አይታጠብበትም፣ ወለሉም ላይ ባልዲ ውሃ አይደፋበትም። ከዚህ በታች ያሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ ከዚያ ይጀምራሉ።

የካቢኔቱ ታች አብጧል፣ ጠርዙ ተላጧል

ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በብዛት የሚሰማው ስሞታ ይኼ ነው። የታችኛው በር አልዘጋ ይላል። ወለሉ አጠገብ ያለችው መሸፈኛ ጣውላ እንደ ዳቦ ተነፍታለች። ጠርዙ ላይ የተለጠፈችው ቀጭን ፕላስቲክ ተገንጥላ ተንጠልጥላለች። ውስጡን በጥፍር ነካ ስታደርጉት ይፈረፈራል።

ሰው ሁሉ ሐይቁን ይከሳል። እርጥበቱ ድርሻ አለው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ ያዘለ ነው። ግን አየር ብቻውን ኤምዲኤፍን (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራውን የካቢኔት ጣውላ) እንዲህ አያደርገውም። ውሃ ራሱ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ፈልጉት።

እብጠቱ ከወለል ተነስቶ ወደ ላይ ከሆነ ምክንያቱ የወለል እጥበት ነው። ሲንኩ ዙሪያ ከሆነ አናጢው ለሲንኩ የቆረጠውን ጠርዝ ሳይቀባ ትቶታል፣ ወይም ሲሊኮኑ ተላቋል። ከሲንኩ ሥር ያለው ካቢኔት ውስጡ ብቻ ካበጠ ሲፎኑን (ከሲንኩ ሥር ያለውን ጎበጥ ያለ የፍሳሽ ቧንቧ) ጠርጥሩ። ማታ ደረቅ ሶፍት ከሥሩ አንጥፉ፤ ጠዋት ከረጠበ ነገሩ ተገኘ።

አንዴ ያበጠ ኤምዲኤፍ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። በኮላና በቀለም አትልፉ፤ ያንን ቁራጭ አስቀይሩ። ስታስቀይሩ ካቢኔቱን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ በሚያደርግ የፕላስቲክ እግር ላይ አስቁሙት። የታችኛው መሸፈኛ አልሙኒየም ወይም ሴራሚክ ይሁን። የተቆረጠ ጠርዝ በሙሉ፣ የጀርባው ጭምር፣ ቫርኒሽ ይቀባ። አናጢው «አይታይም እኮ» ማለቱ አይቀርም። ውሃ ግን አይቶ አይደለም የሚገባው።

ገና ልታሠሩ ከሆነ ደግሞ «ይኼ ውሃ አይነካውም» ተብሎ አረንጓዴ ኤምዲኤፍ ይቀርብላችኋል። እውነትም እርጥበት የሚቋቋም ዓይነት አለ። አረንጓዴነቱ ግን የተጨመረ ቀለም ነው፣ ማስረጃ አይሆንም። ቁራጭ ለምኑ፣ ውፍረቱን ለኩ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ለኩት። አቅም ካለ የሲንኩን ካቢኔት ብቻ እንኳ በዋንዛ ማሠራት ያዋጣል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል

በዚህኛው አትቀልዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው። ፍሪጁም ከዚያው መስመር ከተቀጠለ ብሬከሩ መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ማብሪያውን አጥፉና ስፒናውን ነቅላችሁ እዩት። ከእግሮቹ አንዱ ከጠቆረ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ፣ በዚያ ሶኬት ሁለተኛ አትጋግሩ።

መፍትሄው በትልቅ ብሬከር መቀየር አይደለም። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። ከቆጣሪው ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ይህን ያህል የሚችል ሶኬትና ትክክለኛ የመሬት መስመር በኤሌክትሪሺያን አዘርጉ። ማከፋፈያ ላይ ምጣድ አይሰካም፤ ለእንግዳ ቀንም ቢሆን።

ምጣዱ ሌላም ጣጣ አለው፤ ቦታ ያጣል። የካታሎጉ ጠረጴዛ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ምጣዱም ብቻውን ወደ 60 ይጠጋል፣ ከነመያዣው ያልፋል። ስለዚህ ጠርዙ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ላይኛው ካቢኔት ሥር ይገባል። ያ ካቢኔት ከታች በኩል ካበጠ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ለምጣዱ መስኮት ሥር ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የራሱ ጠረጴዛ ስጡት፤ ከላዩ ካቢኔት አይሰቀል። ቁመቱም ከሌላው ጠረጴዛ ዝቅ ይበል፣ ምጣዱ በራሱ ከፍታ ስላለው። ሊጥ ሲዞር ክርን ወደ ትከሻ መውጣት የለበትም። ይህን ደግሞ ከአናጢው ሜትር በፊት የምትጋግረውን ሰው አቁማችሁ ለኩ።

ሁዱ (ጭስ መሳቢያው) እየጮኸ ቤቱ በቁሌት ጭስ ይታፈናል

መጀመሪያ ቧንቧው ወደ ውጭ መውጣቱን አረጋግጡ። ብዙዎቹ አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፈው መልሰው ቤት ውስጥ ይለቁታል፤ እንፋሎትን አያስወግዱም፣ ከሰሉም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ አንድ ሶፍት ከማጣሪያው ሥር ያዙ። ካልተሳበ የብረት ማጣሪያውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ዘይት ደፍኖታል። ታጥቦም ካልሳበ መውጫው ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ቀን ቀን ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው። በተለይ ሽምብጥን በመሳሰሉ ሐይቁ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች መውጫው ፊቱን ወደ ሐይቁ ካዞረ ጭሱ ተገፍቶ ይመለሳል። ወደ ሌላ ጎን ይዞር፣ ጫፉም በነፋስ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው።

ሲንኩ ይሸታል

ቆሮሶም አምባዛም ዓሣ ከታጠበበት በኋላ ቅርፊቱና ስቡ ሲፎኑ ውስጥ ይቀራል። ሲፎኑን ፈታችሁ እጠቡ፤ ለወደፊቱ ቀዳዳው ላይ ወንፊት አድርጉ። የሚተጣጠፍ ላስቲክ ቱቦ ቀጥ ተደርጎ ከተገጠመ ግን ውሃ የሚይዝበት ጉድጓድ ስለሌለው የፍሳሹ ሽታ በቀጥታ ይወጣል። ጎበጥ ያለውን ሲፎን አስገጥሙ። ግቢ ካላችሁ ለዓሣ የሚሆን ጠለቅ ያለ ሲንክ ውጭ ብታሠሩ ይሻላል፤ እኔ ብሆን ከሁዱ በፊት እሱን ነው የማሠራው። በነገራችን ላይ በረኪና አፍስሶ ማሳደር ሽታውንም አይነቅልም፣ የሲንኩንም ብረት ይበላዋል።

አዲሱ ቧንቧ ውሃው ቀጥኗል

ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈታችሁ አሸዋውን አራግፉ። ካልተሻለው ሮቶው ዝቅ ብሏል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው፤ 3 ሜትር ላይ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ። ተስቦ የሚወጣው ዘመናዊ ቧንቧ ባብዛኛው ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ወይ ፓምፕ ጨምሩ፣ ወይ ተራውን ቧንቧ ግዙ።

ኢንዳክሽን ምድጃው ድስቱን አልቀበልም አለ

ማግኔት የማይዘው ድስት አይሞቅበትም። አልሙኒየሙ፣ ሸክላ ድስቱና ጀበናው ከጨዋታ ውጭ ናቸው። ምድጃውን ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ይዛችሁ ቤት ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ሞክሩ። ከግማሽ በላዩ ካልተያዘ ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃችኋል። ኢንዳክሽኑን ከገዛችሁም ለጀበና አንድ ትንሽ ምድጃ ለብቻው አስቡ።