የታላቁን የቻይና ግንብ ዘመን ከግንቡ ላይ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ታላቁን የቻይና ግንብ ሊጎበኝ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊተወው የሚገባ ሐሳብ ቢኖር፣ ግንቡ አንድ ንጉሥ አስጀምሮ ያስጨረሰው ወጥ ሥራ ነው የሚለው ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ከሁለት ሺህ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የተለያዩ መንግሥታት የሠሯቸው፣ አንዳንዴ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ አንዳንዴም የሚቆራረጡ ብዙ ግንቦች ናቸው። ስለዚህ ከፊትዎ ያለው የትኛው እንደሆነ አስጎብኚውን ከመጠየቅዎ በፊት የቆመበትን ቦታና የተሠራበትን ነገር ይመልከቱ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያዩት ዝቅ ያለ የአፈር ክምር ብቻ ቢሆን ቅር አይበልዎ፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ህዋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ ካደረገ በኋላ የጦር አዛዡን መንግ ቲያንን ወደ ሰሜን ልኮ፣ የቺን፣ የዣዎና የያን መንግሥታት ቀደም ሲል ለየብቻ የሠሯቸውን አጥሮች እንዲያያይዝና እንዲያራዝም አደረገ። አሠራሩ በአብዛኛው አፈርን በጣውላ መካከል ጨምሮ በስሱ በስሱ መጠቅጠቅ ሲሆን፣ ድንጋይ በሞላበት ተራራ ላይ ግን ካብ ይካብ ነበር። ጠጋ ብለው ሲያዩት የጥቅጥቁ ንብርብር በአግድም ተሰምሮ ይታያል።

ይህ ምልክት ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ ከ1368 እስከ 1644 የገዛው የሚንግ መንግሥትም በደረቁ ምዕራብ በአፈር ሠርቷልና። እዚህ ላይ የሚረዳዎ ካርታ ነው። የሚንግ ግንብ በምዕራብ በኩል በ1372 መሠራት በጀመረው በጂያዩጉዋን ምሽግ ያበቃል። ከዚያ አልፈው ዱንህዋንግ አካባቢ በረሃ ውስጥ ግንብ ካገኙ ከቺን ሺ ህዋንግ መንግሥት ቀጥሎ የገዛው የሃን መንግሥት ሥራ ነው ቢሉ አይሳሳቱም። ጎኑን ቢመለከቱ የሸምበቆና የቁጥቋጦ ንጣፍ፣ በላዩ የጠጠርና የአሸዋ ንጣፍ፣ ከዚያ እንደገና ሸምበቆ ሆኖ ያገኙታል። እኛ አገር ጭድ ከጭቃ ጋር ይቦካል፤ እነሱ ግን ሳይቀላቅሉ ነው የደራረቡት።

ጡብ ለብሶ በተራራ ጫፍ ላይ የሚጋልበው፣ በፎቶግራፍ የምናውቀው ግንብ፣ የሚንግ ነው። በ1449 ሞንጎሎች ንጉሠ ነገሥቱን በቱሙ ጦርነት ከማረኩ በኋላ መከላከያው የቤጂንግ ዋና ጭንቀት ሆነ። ይሁንና ውስጣቸው ክፍል ያላቸው፣ ወታደር የሚያድርባቸውና መሣሪያ የሚቀመጥባቸው የጡብ ማማዎች የተስፋፉት ከ1568 ወዲህ በጄኔራል ቺ ጂግዋንግ ዘመን ነው። ማማው ውስጥ መግባት ከተቻለ፣ መስኮትና ቅስት ካለው፣ ከዚያ በፊት ነው ብለው አይገምቱ። በጡቦቹ መካከል የሚታየው ነጭ ማጣበቂያ ኖራ ሲሆን፣ በሚንግ ግንብ ላይ በተደረገ ምርመራ የሚያጣብቅ ሩዝ አጥሚት እንደተጨመረበት ታውቋል።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን ጂንሻንሊንግ በተባለው የሚንግ ግንብ ክፍል የሚገኘው ጽሑፍ የታተመበት ጡብ ነው። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በመጀመሪያ ዋንሊ የሚለው የዘመነ መንግሥት ስም፣ ቀጥሎ ዓመቱ፣ ከዚያም የሠራው የጦር ክፍል ይመጣል። የዋንሊ አንደኛ ዓመት 1573 ስለሆነ የሚያነቡትን ቁጥር በ1572 ላይ ይደምሩ። አናቱ ላይ ነጥብ፣ ከሥሩ አግድም መስመር፣ ከመስመሩም በታች ሁለት የተራራቁ እግሮች ያሉት ፊደል ስድስት ነው፤ ስለዚህ ጡቡ የ1578 ነው። ሌሎቹ ጡቦች ደግሞ የአምስተኛውን ዓመትና ከሩቁ ከሻንዶንግ የመጣ ጦርን ስም ይዘዋል። ግንቡን ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ መልስ አላየሁም።

ቤጂንግ አጠገብ ባለው የግንቡ ክፍል፣ ባዳሊንግ ላይ ከሆኑ በ1950ዎቹ ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተ መሆኑን አይርሱ፤ ጠርዙ ያልተበላ፣ መልኩም አንድ ዓይነት የሆነ ጡብ ሲያዩ የጥገና ሥራ መሆኑን ይጠርጥሩ።

በመጨረሻም ርዝመቱ ሲነገርዎ የየትኛው ግንብ እንደሆነ ይጠይቁ። 8,851.8 ኪሎ ሜትር የሚባለው የሚንግ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ 2,232.5ቱ ተራራና ወንዝን የመሰለ የተፈጥሮ መከላከያ ነው። በ2012 ይፋ የሆነው 21,196 ኪሎ ሜትር ግን የሁሉንም ዘመናት ግንቦች የሚደምር ነው።